ሶፍትዌሩ ነጻ ነው ተብዬ ነበር፤ አሁን በየወሩ ክፈል እያሉኝ ነው። ልክፈል? (ድሬዳዋ)

መለዋወጫ_ከዚራ · ሐምሌ 5 ቀን 2017 · ከምሽቱ 3:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ ረዘም ይላልና ሻሂ ይዛችሁ አንብቡ።

ድሬ ላይ የመኪና መለዋወጫ አከፋፍላለሁ። ዋናው ሱቅ ከዚራ ነው፣ ቅርንጫፉ ሐረር ሸዋ በር። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ጎበዝ ልጅ «ጋሼ፣ በኤክሴል መንገላታት ይብቃዎት» ብሎ ኦዱ ኮሚዩኒቲ 14 የሚባል የንግድ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ጫነልኝ። ለፈቃድ አምስት ሳንቲም አልከፈልኩም። ለልጁ የድካሙን 60,000 ብር ሰጥቼው ተመራርቀን ተለያየን። መጋዘኑ፣ ሽያጩ፣ ዱቤው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ዘጠኝ ሠራተኛ ጠዋት ማታ ይሠራበታል።

ልጁ አምና ወደ ውጭ ወጣ። ሰኔ 26 ከሰዓት በኋላ ሲስተሙ ቀጥ አለ። ቆጠራ ላይ ነን፣ አራት ቀን ቆይቶ የበጀት ዓመቱ ይዘጋል። የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ተምሯል፤ ከፍቶ አየና «ዲስኩ ሞልቷል» አለኝ። ቦታ ላስለቅቅ ብሎ ሎግ የመሰሉትን ፋይሎች አጠፋ። ከዚያ ወዲያ ጭራሽ አልነሳ አለ።

ውጭ ያለውን ልጅ በቴሌግራም ለመንነው። እግዜር ይስጠው፣ ሁለት ሌሊት ሳይተኛ አስነሳልን። የተነሳው ግን እስከ ሰኔ 20 ያለው ነው። የስድስቱን ቀን ሽያጭ ከካሽ ሬጅስተር ቅጂና ከዱቤ ደብተር እየለቀምን እንደ አዲስ አስገባን። ሁለት የዱቤ ደንበኞች «እኔ አልወሰድኩም» ብለው 47,000 ብር ቀረብኝ።

አሁን ሦስት ቦታ ሰፖርት (ሲስተሙን የሚጠብቅ፣ ሲበላሽ የሚጠግን ሰው) ጠይቄያለሁ። አዲስ አበባ ያለ ድርጅት በወር 18,000 ብር አለኝ። እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ያሉ ሁለት ወጣቶች 7,000 አሉ። ሦስተኛው ውጭ አገር ነው፣ በዶላር። የባለቤቴ ጥያቄ አጭር ናት፦ «ነጻ ከሆነ የምን ወርኃዊ ነው?» መልስ አጣሁላት።

---

አቦ_ለገሃሬ · ከምሽቱ 4:05

አቦ አትክፈል!! ስድስት ዓመት ሊኑክስ በሚባለው ነጻ ሲስተም ላይ ስሠራ ለማንም ሰባራ ሳንቲም አውጥቼ አላውቅም። ጉግል አለ፣ ዩቲዩብ አለ፣ አሁን ደሞ ኤአይ አለ። 7,000 በዓመት 84,000 ነው። በዚያ ብር ሌላ ኮምፒውተር ገዝተህ አጠገቡ ታስቀምጣለህ፣ አለቀ። እነዚህ ልጆች ሌላ ሰው በነጻ የሠራውን ነው የሚሸጡልህ።

---

ሳቢያን_ሲስተም · ከምሽቱ 4:50

ከላይ የተጠቀሱት «ሁለት ወጣቶች» እኛ አይደለንም፣ አስቀድሜ ልናገር። ሥራው ግን የእንጀራዬ ነው።

መጀመሪያ ቃሉ ይጥራ። እንግሊዝኛው ነጻነት ያለውንም ዋጋ የሌለውንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። ሪቻርድ ስታልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ካሳወቀ ጀምሮ የነጻ ሶፍትዌር ሰዎች ይህችኑ ልዩነት ሲያስረዱ ነው የኖሩት። እኛ «በ» የምትባል ፊደል ስላለችን ተገላግለናል። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፤ በነጻ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ነጻ ማለት ኮዱን ታያለህ፣ ትለውጣለህ፣ ታባዛለህ፣ የጫነልህ ልጅ ቢሄድ ሌላ ሰው አስገብተህ ታሠራለህ ማለት ነው። ለዚህ ማንንም ማስፈቀድ የለብህም። ሲበላሽ ግን ማንም የመምጣት ግዴታ የለበትም። ፈቃዱ ራሱ ምንም ዋስትና የለም ብሎ በትልልቅ ፊደል ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሦስተኛው ጂፒኤል (የታወቀው የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ) ድጋፍና ዋስትና በክፍያ መስጠት እንደሚቻል በግልጽ ያስቀምጣል። ኦዱ ኮሚዩኒቲ የሚወጣበት ኤልጂፒኤል የተባለው ፈቃድም በዚያው ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ አቦ፣ የሌላ ሰው ሥራ መሸጥ አይደለም። የሚሸጠው የእኛ ሌሊት ነው።

የእህትህን ልጅ ደሞ አትቆጣው። ያጠፋው «ፒጂ ዋል» የሚባለውን ፎልደር ይመስለኛል። ኦዱ መረጃውን የሚያስቀምጥበት ፖስትግሬስ የሚባለው የመረጃ ቋት እያንዳንዱን ግብይት ዋናው መዝገብ ላይ ከማስፈሩ በፊት መጀመሪያ እዚያ ይጽፈዋል። ድሮ ስሙ «ፒጂ ኤክስሎግ» ነበር። «ሎግ» የሚለውን አይተው የሚያጠፉት ሰዎች ሲበዙ ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 10ኛው ቨርዥን ላይ ስሙን ቀየሩት። በዓለም ዙሪያ ስንት ሰው አጥፍቶት እንደሆነ ከዚህ ገምት። አንተ ጋ ስሙ ተቀይሯል፤ ግን ዲስክ የሞላበት ሰው 16 ሜጋባይት፣ 16 ሜጋባይት እየሆነ የተደረደረ ፋይል ሲያይ እጁ አያርፍም።

አንድ ጥያቄ፦ ባክአፑ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) የት ነበር የሚቀመጠው?

---

መለዋወጫ_ከዚራ · ሐምሌ 6 · ከጠዋቱ 2:20

ልጁን ጠየቅሁት። የየሌሊቱ ባክአፕ እዚያው ዲስክ ላይ ነበር፣ የቆየውን የሚያጠፋ ሰው ደግሞ አልነበረም። ዲስኩን የሞላው ባክአፑ ራሱ ነው ብትሉኝ ታምናላችሁ? ከሰኔ 21 ጀምሮ ቦታ እያጣ መሃል ላይ ይቋረጥ ነበር፤ ጎደሎውን ራሱ እየሰረዘ ዝም ይላል። የሚያየው የለም። ቀስ እያለ የቀረችዋም ቦታ አለቀችና ሰኔ 26 ቆመ። የ«ፒጂ ዋል»ም ነገር እንዳልከው ነው።

---

ሒሳብ_ናት_ሥራዬ · ከጠዋቱ 4:10

ወንድሜ፣ እኔ ሶፍትዌር አላውቅም፤ የነጋዴ ሒሳብ ነው የምሠራው። ባለቤትህ የጠየቀችው ተገቢ ነው፣ ግን 47,000ውንም አብራ ትደምረው። ደረሰኝ ሲለቅሙ የከረሙት ሠራተኞች ደመወዝ አለ። በቆጠራ ሰዓት ሱቅ ዘግታችሁ ከሆነ እሱም አለ።

ሌላው፣ ማንንም ያዝ ማንን፣ ደረሰኝ የሚሰጥ መሆኑን አረጋግጥ። ለጎበዝ ልጅ በቴሌብር የላክኸው ገንዘብ መዝገብህ ላይ ወጪ ተብሎ አይያዝልህም። ቫት ተመዝጋቢ ከሆነ የሰጠህ ዋጋ 15 በመቶውን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ይህን ሳይጠይቁ 18,000ን ከ7,000 ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም። ክፍያው ዊዝሆልዲንግ (ቅድመ ግብር) የሚቆረጥበት ከሆነም ቀንሰህ መክፈል ያንተ ግዴታ ነው፤ «ሙሉውን ላክልኝ» የሚል ልጅ ያጋጥምሃል።

ሰኔ 30ን ሲስተሙ እንዴት ነው የሚያውቀው? አንድ ደንበኛዬ ጋ በጀት ዓመቱ በፈረንጅ ጥር 1 ይጀምራል ተብሎ ተሞልቶ አገኘሁት። ጳጉሜን ለማን ወር እንደምንሰጥ ስንከራከር ነው የዋልነው። ይህንን ውጭ አገር ላለ ሰፖርት በስልክ አስረዱት እስቲ።

---

አቦ_ለገሃሬ · ከጠዋቱ 4:25

47,000 የቀረው በሰፖርት እጦት አይደለም፣ በዱቤ ነው 😄 ዱቤ አትስጥ።

---

ጁገል_መጻሕፍት · ከቀኑ 7:15

ከሐረር ሰላም ብያለሁ። እኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው፣ የመጻሕፍት መዝገባችን ኮሃ የሚባል ነጻ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ኮሃ የተጀመረው ኒውዚላንድ ውስጥ ሆሮዌኑዋ በሚባል የገጠር አካባቢ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ነው ሥራ የገባው። ስሙ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው፤ የሚገርመው ግን ተቀባዩ አንድ ቀን መልሶ እንደሚሰጥ የሚጠበቅበት ዓይነት ስጦታ ነው። ሠርግ ላይ የሚጻፈውን የስጦታ መዝገብ አስቡት።

እኛ ለሰፖርት አንከፍልም። ችግር ሲገጥመን የተጠቃሚዎቹ የኢሜይል ዝርዝር ላይ እንጽፋለን፣ የሆነ አገር ያለ ሰው ይመልስልናል። ባለፈው የባርኮድ ችግር ገጥሞን መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ በደብተር አዋስን፣ ማንም አልሞተም። አንድ ተማሪ መጽሐፍ ይዞ ሦስት ቀን ቢዘገይ ምን ይሆናል? እናንተ ጋ ግን መኪናው ሊፍት ላይ ተሰቅሎ ፍሬን ሸራ የሚጠብቅ ሰው ቆሟል። ስለዚህ ወንድሜ ለገሃሬ ለራሱ ሲናገር ልክ ነው፣ ለመለዋወጫ ሱቅ ሲናገር ነው የሳተው።

---

ታይዋን_ኤሌክትሮኒክስ · ከቀኑ 10:30

አንድ ሐሳብ። እኔም ኦዱ ነው የምጠቀመው፣ ጎረቤቴም፣ አሸዋ ያለው ዘመዴም። ለምን እንደ እድር አናደርገውም? አምስት ነጋዴ በወር 4,000፣ 4,000 ብናዋጣ 20,000 ነው። ለአንድ ጎበዝ ልጅ ደህና ደመወዝ ነው፣ ሌላ ቦታም አይሄድብንም። የተቸገረው ጋ ይሄዳል። ማን ሞተ ተብሎ ይጠራል፣ ድንኳኑ ይተከላል።

---

መለዋወጫ_ከዚራ · ከቀኑ 10:45

ወላሂ ይቺ ተመችታኛለች።

---

ሳቢያን_ሲስተም · ከምሽቱ 1:00

ለልጁ ጥሩ ነው፣ እኔም ራሴ ልቀጠር እችላለሁ። ግን እድር የሚሠራው ሰው በየተራ ስለሚሞት ነው። እናንተ ግን ሰኔ 30 ላይ ሁላችሁም በአንድ ቀን ነው የምትሞቱት። አምስት ሱቅ ቆጠራ ላይ፣ አምስቱም «ና» ይላል፣ ልጁ አንድ ነው፣ ባጃጁም አንድ።

ማኅበር ማድረግ የሚቻለው ወረፋው ከተጻፈ ነው፤ ማን ቀድሞ እንደሚታይ፣ በገንዘብ ነው ወይስ በጉዳቱ ክብደት። ያ ካልተጻፈ ድሬ ነው፣ በመጀመሪያው ሐምሌ ትጣላላችሁ።

ሌላ ለመለዋወጫ፦ አንተ ጋ ያለው ሁሉ ጊዜው አልፎበታል። ሲስተምህ የተጫነው ኡቡንቱ 20.04 በሚባለው ሊኑክስ ላይ ይመስለኛል፤ የእሱ መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ዘንድሮ ግንቦት ላይ አብቅቷል (ሠሪው ካኖኒካል በተለየ ምዝገባ ያራዝመዋል)። አብሮት የሚመጣው ፖስትግሬስ 12 ነው፤ ፖስትግሬስ ለአንድ ቨርዥን አምስት ዓመት ነው የሚሰጠው፣ የ12 ባለፈው ኅዳር አለቀ። ኦዱ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቨርዥኖች ብቻ ነው የሚደግፈው። 18 ወጥቷል፣ አንተ 14 ላይ ነህ። የድርጅቱ የራሱ የማሻሻያ አገልግሎት ለኢንተርፕራይዝ (ለሚከፈልበት ዓይነት) ደንበኞቹ ነው። ኮሚዩኒቲ የያዘ ሰው በጎ ፈቃደኞች በሠሩት ኦፕንአፕግሬድ በሚባል መሣሪያ ደረጃ በደረጃ መውጣት አለበት፦ 14፣ 15፣ 16 እያለ፣ መዝለል የለም። በሁለት ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ሦስቱንም ጠይቃቸው፦ ይህ በወርኃዊው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻው ነው? 7,000 ያሉት ልጆች ይህንን አስበው ከሆነ ጎበዞች ናቸው። ካላሰቡት በሁለት ወር ስልክ ማንሳት ያቆማሉ።

---

አቦ_ለገሃሬ · ከምሽቱ 1:30

እሺ ይሁን። ግን የሚከፈልበትም ቢሆን ምን ዋስትና አለው? ሬድ ሃት የሚባለው ድርጅት በነጻ ይሰጠው የነበረውን ሴንትኦኤስ የተባለ ሊኑክስ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ይቆያል የተባለውን ሴንትኦኤስ 8 በ2020 መጨረሻ ተነስተው በ2021 መጨረሻ ይዘጋል አሉ። ስንት ሰው ሜዳ ላይ ቀረ።

---

ሳቢያን_ሲስተም · ከምሽቱ 1:50

ልክ ነህ፣ እኔም ሁለት ሰርቨር ነበረኝ። ግን ሜዳ ላይ የቀረው በነጻ የሚጠቀመው ነው፤ የሬድ ሃት ሰብስክሪፕሽን የሚከፍለውን ማንም አልነካውም። ድርጅቱ የኖረው በዚያው ክፍያ ነው፤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ማንም ሰው በነጻ ማውረድ የሚችለውን ኮድ ብሎ አይደለም። ደግሞ ኮዱ ነጻ ስለነበር ሴንትኦኤስ ሲዘጋ አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ የሚባሉ ሌሎች ነጻ ሊኑክሶች በዓመት ውስጥ ተተኩ። እኔ ወደ አልማ ዞርኩ፣ አንድ ቅዳሜ ነው የፈጀብኝ። ኮዱ የተዘጋ ቢሆን ኖሮ ያቺ ቅዳሜ አትኖርም ነበር።

---

ጡረተኛ_ምድር_ባቡር · ሐምሌ 7 · ከጠዋቱ 1:15

ልጆቼ፣ ልጄ ናት ስልኬ ላይ ይህን የከፈተችልኝ። ኮምፒውተር አላውቅም።

እኔ ምድር ባቡር የጥገና ዎርክሾፕ ነው ያረጀሁት። ባቡሩ ድሬ የገባው በፈረንጅ 1902 ነው፣ ከተማዋም በእሱ ነው የተቆረቆረችው። ዎርክሾፓችን ውስጥ ሎኮሞቲቭ ያልተበላሸበት ቀን ነበር። እኛ ግን ገብተን እንፈርማለን፣ ደመወዛችን አይቆረጥም። አንድ አዲስ የመጣ አለቃ «ዛሬ ምን ሠራችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ፎርማናችን «ዛሬማ ምንም አልተሰበረም» አለው። ሳቅን። አለቃው አልሳቀም።

ዕቃ ሲሰበር ከፈረንሳይ እስኪመጣ የምንጠብቀው ሁልጊዜ አልነበረም። ሥዕሉ እጃችን ላይ ካለ ቶርኖ ላይ እዚያው እናወጣዋለን። ሥዕሉ ከሌለ ለክተን፣ ገምተን፣ አንዳንዴም አበላሽተን። እናንተ «ኮዱ ነጻ ነው» የምትሉት ሥዕሉን ማለት መሰለኝ። ሥዕሉ ግን ብቻውን ብረት አይቆርጥም።

---

ሒሳብ_ናት_ሥራዬ · ከጠዋቱ 3:00

ጋሽዬ እድሜ ይስጥልን። «ዛሬማ ምንም አልተሰበረም» የምትለውን በወረቀት ጽፌ ለደንበኞቼ ላሳያቸው ነው።

---

መለዋወጫ_ከዚራ · ሐምሌ 9 · ከምሽቱ 4:30

ሦስቱንም በጥያቄያችሁ አፋጠጥኳቸው።

የውጭውን ተውኩት። በዶላር ነው። አምና ሐምሌ 22 ብር በገበያ ይወሰን ሲባል ከ57 ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ዕቃ አስመጪ ስለሆንኩ ያንን ቀን አልረሳውም። ሌላ የዶላር ዕዳ በየወሩ አልጨምርም።

የአዲስ አበባው ጥሩ ነው፣ አምስት ባለሙያ አላቸው፣ ማሻሻያውን ለብቻው 150,000 ብር ብለው በጽሑፍ ሰጡኝ። ውሉን ሳነብ ግን ሰፖርት «ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30» ይላል። ድሬ በሐምሌ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ማን ሱቅ ከፍቶ ይቀመጣል? ሙቀቱ በረድ ሲል ከ10 በኋላ ነው ሰው የሚወጣው፤ የእኔ ትልቁ ሽያጭ ከ11 እስከ ምሽቱ 2 ነው። እነሱ ሲዘጉ እኔ እከፍታለሁ ማለት ነው። ቅዳሜም የለም። ነገርኳቸው፣ የማታው ተጨማሪ 9,000 ነው አሉ።

የሳቢያኖቹን ስለ ማሻሻያው ስጠይቃቸው ተያዩ። አላሰቡትም ነበር። ግን አልዋሹም፤ «ሁለት ቀን ስጡን» ብለው ሄዱና የመረጃችንን ቅጂ ሌላ ማሽን ላይ ከ14 ወደ 15 አሻግረው አምጥተው አሳዩኝ። ልጁ የሠራልኝ የዱቤ ሪፖርት ተሰብሯል፣ ሌላው ይሠራል። እሱንም ደብቀው አላለፉትም።

---

ሳቢያን_ሲስተም · ከምሽቱ 4:55

የተሰበረውን ራሳቸው ካሳዩህ ያዛቸው። ውሉ ውስጥ ግን እነዚህን አስገባ። የሁሉም ነገር ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ ካንተ ጋ ይቀመጥ፣ በተቀየረ ቁጥር ፖስታውም ይቀየር። የሚጽፉልህ ኮድ ከነምንጩ ያንተ ይሁን። ባክአፕ ከዚራ ብቻ አይሁን፣ በየሌሊቱ ሐረር ቅርንጫፍም ይድረስ፤ የደቻቱ ወንዝ በ1998 ጎርፍ ያደረገውን እያወቅህ ሁሉን ነገር አንድ ከተማ ላይ አታስቀምጥ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየሦስት ወሩ ባክአፑን ባዶ ማሽን ላይ አንስተው፣ ያለፈውን ቀን የመጨረሻ ደረሰኝ ቁጥር በስክሪን ያሳዩህ። ባክአፕ አለ የሚል ሪፖርት አትቀበል። ያንተም ሲስተም «ባክአፕ አለ» ይል ነበር።

ሰርቨሩንም ከዚያ የጣሪያ ቆርቆሮ ሥር አውጣው፤ ለድሬ ሙቀት ማንም ሰፖርት አይሰጥም።

---

ጁገል_መጻሕፍት · ሐምሌ 10 · ከቀኑ 6:40

ሐረር ቅርንጫፍ ማታ መብራት ከሌለ ባክአፑ አይደርስም፤ «አልደረሰም» የሚል መልእክት ወደ ስልክህ የሚልክ ነገር ይኑረው። ዝምታውን ነው የምትፈራው።

እግረ መንገዴን፣ ለሠሪዎቹም አንዳንዴ ማሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የኢንተርኔቱን ግማሽ ያስደነገጠው ኸርትብሊድ የሚባል ክፍተት የተገኘበት ኦፕንኤስኤስኤል (የድረ ገጾችን ግንኙነት የሚያመሰጥር ነጻ ሶፍትዌር) በዓመት የሚያገኘው ልገሳ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ዓለም ሁሉ ቁልፉን በእሱ ቆልፎ፣ ለቁልፍ ሠሪው የምሳ እንኳ የሚሰጥ አልነበረም። እኛ ገንዘብ ስለሌለን የኮሃን ገጾች ወደ አማርኛ በመተርጎም እናግዛለን።

---

አቦ_ለገሃሬ · ከምሽቱ 2:10

አሁንም ለራሴ አልከፍልም 😄 ግን ጋሽዬ የምድር ባቡሩ ጸጥ አሰኝተውኛል።

---

መለዋወጫ_ከዚራ · ነሐሴ 14 · ከምሽቱ 3:15

ቃል ስለገባሁ ልጨርስላችሁ።

ከሳቢያኖቹ ጋር ተፈራረምን። በወር 8,500 ሆነ፤ ማታ እስከ 3 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ጨምሮ፣ ስልክ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይነሳል፣ ከሰኔ 20 እስከ ሐምሌ 5 አንደኛው ከተማውን አይለቅም። ማሻሻያው ለብቻው 70,000 በሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ ዙር ሠርቶ ሲታይ ይከፈላል። ደረሰኝ ይሰጣሉ። ታይዋንና አሸዋ ያሉትም በየራሳቸው ውል ከነሱ ጋር ጀምረዋል፤ ሦስተኛ ሰው እንቀጥራለን ብለዋል። የውጩ ልጅ ኮዱን ከነምንጩ ልኮላቸዋል። ለእሱም የሁለት ሌሊቱን ልኬለታለሁ፣ አልቀበልም ብሎ ሲከራከረኝ ነበር።

የመጀመሪያውን የባክአፕ ሙከራ ባለፈው ማክሰኞ አደረግን። አልተነሳም! ከሐረር የመጣው ፋይል መንገድ ላይ ተቆርጦ ነበር። ልጆቹ ፊታቸው ጠቆረ፣ እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ሰኔ ላይ ሳይሆን ነሐሴ ላይ ነው የተሰበረው። በማግሥቱ አስተካክለው ደገሙት፣ የማክሰኞን የመጨረሻ ደረሰኝ ቁጥር ስክሪኑ ላይ አነበብኩት።

ባለቤቴ ትናንት «በዚህ ወር ምን ሠሩልን?» አለችኝ። ምንም አልተሰበረም አልኳት። እንደ አለቃው እሷም አልሳቀችም።

---

ገንደ_ቆሬ_ፋርማሲ · ከምሽቱ 3:40

የልጆቹን ስልክ?

---

መለዋወጫ_ከዚራ · ከምሽቱ 3:42

በውስጥ ላክሁልህ። ከ10 ሰዓት በፊት አትደውል፣ ተኝተው ነው።